ይበል

ግእዝ አላውቅም። እንጀራዬ ከረጢት መቁጠር ነው፣
የጉንደወይን መጋዘን ቁልፉ ከአንገቴ ላይ ያለው።
ግን በዓል በመጣ ቁጥር፣ ካንዱ ዓምድ ተጠግቼ፣
ቅኔው ሲዘረፍ እቆማለሁ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ።
መሪጌታው ዓይኑን ሲከድን፣ ድምፁ ወርዶ ሲረግብ፣
ሽማግሌው ራሱን ሲነቀንቅ፣ እዚያው ከጎኔ፣ ካጠገብ፣
ያኔ ነው ሰዓቱ፤ አውቀዋለሁ፣ እንደ ዝናብ ሽታ፣
«ይበል!» እላለሁ ከሁሉ ቀድሜ፣ በሙሉ እርካታ።
ምን ተብሎ? እኔ ምን አውቄ!
ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖርሁ፣ ያልገባኝን አድንቄ።

አንድ የኅዳር ማርያም ለት፣ ባያብል የሚሉት ተነሣ፣
ደበሎው የተጣፈ፣ ድምፁ ገና ያልበሰለ፣ ከሲታ፣ አንገቱ ረዥም።
እሱም እንደኔ ቆጣሪ ነው፤ እሱ ቅኔ፣ እኔ ኩንታል።
ዮሴፍ አለ። ግብጽ አለ። እስከዚህስ ደህና፣
ይኼማ ከልጅነት የምናውቀው፣ የኖርንበት ጎዳና፤
ወንድሞቹ በመንገድ አድረው፣ ከረጢታቸውን ሲፈቱ፣
የከፈሉት ብር ተመልሶ፣ ተቀምጦ ከአፈ ፎቱ።
እና ድንገት፣ ከዚያ ከተከበረው ከግእዙ መሐል፣
«ማዳበሪያ» የሚል ቃል፣
እንደ ጆንያ ከጫንቃ ላይ፣ ዱብ!
የኛ ሰው፣ አለ፣ ማዳበሪያውን ፈትቶ ቢያይ፣
ብር አይደለም፤ ዕዳ ተኝቷል ከአፉ ላይ፣
በሬው ተሸጦ ያላለቀ።

ገባኝ።
በዕድሜዬ የገባኝ ቅኔ ያ ብቻ ነው።
ያን ከረጢት የቆጠርሁት እኔ፣ ዕዳውንም የጻፍሁት እኔው።
ሽማግሌውን አየሁ፤ ራሱ አልተነቃነቀም።
መሪጌታውን አየሁ፤ መቋሚያው አልተነሣም።
ከፍቼው የነበረውን አፌን
መልሼ ገጠምሁ።

በኋላ፣ ከዋርካው ሥር፣ የዝክሩ ጠላ ሲዞር፣
«ማዳበሪያ በቤተ መቅደስ! ነገ ባጃጅ ሊቀድስ ነው!» ጫኔ ነው የጀመረው ነገር።
«የአባቶቻችን ሰም ግምጃ ነበር፤ ይኼ ጆንያ!»
«ደግነቱ ዩርያ አላለም» አለ አንዱ፤ ሳቁ ወጣ እስከ ላይ ገበያ።
እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ አስበልጬ።
የኔታ ስሙር ብቻ፣ በመቋሚያቸው አፈር እየጫሩ፣
«የትናንቱን የሚደግም ሌባ ነው ብዬ ያስተማርሁ እኔ፣
ዛሬ አዲስ አመጣ ብዬ ልግረፈው ወይ?» አሉ።
መልስ የሰጣቸው የለም። ጠላው ዞረ።

በሳምንቱ ባያብል ጎጆውን ዘግቶ ሄደ።
ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ዓመት ዓመትን ሲወልድ፣
አንዱ ተማሪ ሰርቆ፣ ሌላው ካንዱ ተበድሮ፣
ማዳበሪያን በየቅኔው ይነሰንሱት ጀመር እንደ ጥቁር አዝሙድ።
ዛሬ ያ ቃል ከጎደለ ጫኔ ፊቱ ይጠቁራል፣
«የጥንቱ፣ የአባቶቻችን የማዳበሪያ ቅኔ የታለ?» ይላል።
ሽማግሌው ይነቀንቃል።
እኔም በሰዓቴ፣ ከሁሉ ቀድሜ፣ «ይበል!»
ምን እንደሚሉ ግን
ዳግመኛ ገብቶኝ አያውቅም።

ባለፈው ሰኔ ቡሬ ወረድሁ፣ ለማኅበሩ ጉዳይ።
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከአንዲት የስልክ ጥገና ሱቅ በራፍ ላይ፣
አንድ ጎልማሳ በአጉሊ መነጽር አጎንብሶ፣
ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ይቀጥላል፣ ትንፋሹን አምቆ።
ያስታወቀኝ አንገቱ ነው።
«ይበል» አልሁት፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ።
ቀና አለ። አላወቀኝም። በምን ያውቀኛል?
«ስልክዎ ምን ሆነ አባ? ድምፅ አያወጣም?» ይለኛል።
«አያወጣም» አልሁት፤ «ያን ጊዜም አላወጣ።»
«እስቲ ያምጡት» ብሎ እጁን ዘረጋ።
ምንም ያልሆነውን ስልኬን
አውጥቼ ሰጠሁት።